የነጯ ርግብ ደብተር

ሙንተሲር ሐይቅ ከተማ ውስጥ ከአባቱ በወረሰው የብር አንጥረኝነት ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቷል። የአካባቢው ሙሽሮች አምባርና ድሪ የሚያሠሩት እሱ ዘንድ ነበር። ከጦርነቱ ወዲህ ግን ሰው ሁሉ ከደሴ የሚመጣውን ርካሽ ቅብ ጌጥ መግዛት ጀመረ። ሥራ ሲጠፋ፣ አያቱ ከሐጅ ሲመለሱ ያመጡትን አሮጌ ደብተር ከሣጥን አወጣ።

ደብተሩ ላይ ሦስት ወፎች ተሥለዋል፤ ቁራ፣ ነጭ ርግብና ቀይ አውራ ዶሮ። ከሥዕሎቹ ሥር ያለውን ዐረብኛ የሰፈሩ ሼህ ሰዑድ አነበቡለት።

«ማዕድኑ ተቃጥሎ ሲጠቁር ቁራ ነው ይላል። ታጥቦ፣ ተጣርቶ ሲነጣ ርግብ። ዶሮው ወርቅ ነው። ልጄ፣ እኔስ ነፍስን ስለማጥራት የተጻፈ ይመስለኛል።»

ሙንተሲር ያሰበው ስለ ወርቁ እንጂ ስለ ነፍስ አልነበረም። አባቱ ብር በወርቅ ሲቀቡ የሚጠቀሙበት ባዜቃ፣ ያ ፈሳሹ ብረት፣ በጠርሙስ ተቀምጦ ነበር፤ ያንን ከብር ስብርባሪ ጋር ያቃጥል ጀመር። ጎረቤት ቡዳ እያለ እንዳያማው መስኮቱን ዘጋ። ሚስቱ መስኡዳ ወናፉን ትነፋለች።

በሦስተኛው ሳምንት ማቅለጫው ውስጥ ያለው ከሰል መሰለ።

«ቁራው መጣ!» አለ ሙንተሲር። በዓመቱ ውስጥ መስኡዳ ሲስቅ ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው።

አጠበው፤ ደግሞ አቃጠለው፤ ደግሞ አጠበው። ወራት አለፉ። የመስኡዳ ድድ ይደማ ጀመር፤ ወናፉም ከእጇ እየሾለከ ያስቸግራታል።

«የቀመስኩት ሁሉ ብረት ብረት ይለኛል» አለችው።

«ርግቧ ትውጣ እንጂ ሐኪም ቤት እወስድሻለሁ።»

«መቼ ነው የምትወጣው?»

«ወላሂ ቀርባለች።»

ሰኔ ላይ፣ አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ማቅለጫው ውስጥ ከሥር ነጭ ዱቄት ተጋግሮ አገኘ። እየጮኸ ጠራት። መጥታ አየችውና «ምንድን ነው?» አለች። ነገራት። ትንሽ ቆይታ «ምንድን ነው?» አለች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቀው ደስታው ከፊቱ ጠፋ።

ደሴ ያገኙት ሐኪም አንጥረኛ መሆኑን ሲሰማ ምን እንደሚያቃጥሉ ጠየቀ። ባዜቃ መሆኑን ሲሰማ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ጢሱ መርዝ ነው። ስትተነፍሱት ኖራችኋል። መድኃኒት እሰጣታለሁ፤ የተጎዳው አእምሮዋ ግን የሚመለስ አይመስለኝም። እስቲ አንተም እጅህን ዘርጋ።»

ሙንተሲር ዘረጋ። ጣቶቹ ይርገበገቡ ነበር። እርጅና ነው ብሎ ነበር የሚያስበው።

አሁን ሱቁ ተዘግቷል። መስኡዳ ስሙን አንዳንዴ ታስታውሳለች፤ ብዙ ጊዜ ግን በሟች ወንድሟ ስም ትጠራዋለች። እሱም «አቤት» ይላታል። ማንኪያ የሚይዝ እጅ ሁለቱም የላቸውም። ምሳ ሰዓት ላይ ጎረቤታቸው ማርያማዊት የሽሮ ፍትፍት ይዛ ትመጣለች።

«አፍህን ክፈት እንጂ ወንድሜ።»

«እሷን አስቀድሚ።»

«እሷ በልታለች።»

መስኡዳን አየት አደረገና አፉን ከፈተ።