የጓሮው ደረጃ

እማዬ «አንቺ ዓይንሽን በጨው ታጥበሽ ነው የተወለድሽው» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ማስቲካ እያኘክሁ አስተማሪ «አፍሽ ውስጥ ምንድን ነው?» ሲለኝ «ጥርስ» ብዬ የመለስኩ ልጅ ነኝ። ስለዚህ ኀፍረት መጀመሪያ ሲይዘኝ ወባ ነበር የመሰለኝ።

ትምህርት ቤታችን አዲስ ለሚገቡት ዘጠነኛ ክፍሎች ከአሥረኛ ክፍል አንዳንድ «ታላቅ እህት» ወይም «ታላቅ ወንድም» ይመድብላቸዋል። ሐሙስ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ተገናኝተው ያወራሉ፤ ታላቅየው ታናሹ እንዴት እንደሰነበተ ሰማያዊ ደብተር ላይ ይጽፋል። ለእኔ የደረሰችኝ አንዲት ቀጭን ልጅ ነበረች። ስታወራ ድምጿ ስለማይሰማ «ሹክሹክታ» አልኳት። ስሙ ተለጥፎባት ቀረ፤ እሱም የኔው ሥራ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የታወቀውን ቀልድ ቀለድኩባት። «በፊት ለፊቱ ደረጃ የሚወጣው ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ ነው። ዘጠነኛ በጓሮ ዞሮ በብረቱ ደረጃ ነው።» እኛም በጊዜያችን እንዲሁ ተብለናል። ወጉ ታዲያ በማግስቱ «ቀልዴን እኮ ነው» ብሎ መንገር ነው። እኔ በማግስቱ መረብ ኳስ ነበረብኝ። ሐሙስ ሲመጣም መረብ ኳስ ነበረብኝ። ሰማያዊውን ደብተር ዓርብ ዓርብ በር ላይ ቆሜ እሞላዋለሁ፦ «ደህና ናት። እየለመደች ነው።» አንዳንዴ ለለውጥ ያህል፦ «በጣም ደህና ናት።»

አንድ ቀን ቧንቧው ጋ አገኘችኝ። ከጓደኞቼ ጋር ነበርኩ።

«እህቴ፣ ሌሎቹ ዘጠነኛዎች እኮ በፊት ለፊት ሲወጡ አየሁ።»

እዚያው መናገር ነበረብኝ። ጓደኞቼ ግን ሳቃቸውን አፍነው ያዩኛል።

«እነሱማ ልዩ ፈቃድ አላቸው» አልኳት። «አንቺ ደንብሽን ጠብቂ።»

«እሺ» ብላ ሄደች። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

የብረቱ ደረጃ የሚያደርሰው ወደ ጓሮው በር ነው፤ እሱን የምትከፍተው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። አንዳንድ ቀን ቶሎ ትከፍታለች፤ አንዳንድ ቀን ምድር ቤቱን ጠርጋ እስክትጨርስ ደወሉ ይደወላል። ይህን አላውቅም ነበር። ማወቅማ ነበረብኝ፤ ታላቅ እህት ተብዬ የለ!

በሦስተኛው ወር ምክትል ርእሰ መምህሩ ቢሮ አስጠሩኝ። ሹክሹክታ ጥግ ላይ ቆማለች። አጠገቧ አባቷ አሉ፤ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ሜትሩን ከአንገታቸው ሳያወርዱ ነው የመጡት። የምክር መምህራችን ሰማያዊውን ደብተር ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«ታላቅ እህቷ አንቺ ነሽ?» አሉ አባቷ ፊታቸው በርቶ። «ቤት ውስጥ እኮ ከአፏ አትወጪም!» ከፌስታል ውስጥ የጨርቅ ቦርሳ አውጥተው ሰጡኝ። ቁርጥራጭ ገጣጥመው የሰፉት ነው። ፊቱ ላይ በቀይ ክር «ታላቅ እህት» ተብሎ ተጠልፎበታል።

ምክትሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅዎ አሥራ አራት ቀን አርፍዳለች። አሥራ አምስት ከሞላች ለዘንድሮ ትሰናበታለች።»

የአባትየው ፊት ጨለመ። «ከሁላችንም ቀድመሽ አይደል ከቤት የምትወጪው? የት ስትውይ ነው? ትምህርቱ ካልሆነልሽ ንገሪኝ። ሁለተኛዋ የስፌት መኪና ሰው ትፈልጋለች፣ ቁጭ ብለሽ ትሰፊያለሽ።»

ሹክሹክታ ጫማዋን አየች።

«እኔን የገረመኝ ደግሞ ይሄ ነው» አሉ የምክር መምህራችን ደብተሩን ገልጠው። «ታላቅ እህቷ አንድም ሳምንት አልዘለለችም። ‹ደህና ናት። እየለመደች ነው።›» ቀጥለው አነበቡ። አሥራ አንዱንም ሳምንት አነበቡት። የገዛ ጽሑፌ እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር።

«የእሷ ጥፋት አይደለም» አለች ሹክሹክታ። «ደንቡን ነግራኛለች። የጓሮው በር ሲከፈት ቶሎ መሮጥ ነበረብኝ።»

«የምን የጓሮ በር?» አሉ ምክትሉ።

«ዘጠነኛ ክፍል የሚገባበት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ተሳስታ ሰምታኝ ይሆናል» አልኩ። ምላሴ እኔን ሳይጠይቅ መመለስ ልማዱ ነው።

ሹክሹክታ ቀና ብላ አየችኝ። ነገሩ ሲገባት አየሁት፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ «አዎ» አለች። «ተሳስቼ ይሆናል።»

ብትሰድበኝ በተሻለኝ። ጆሮዬ ጋለ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ቦርሳውም አብሮኝ ይገባ ነበር።

«አልተሳሳተችም!» ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ቀልዱን፣ ቧንቧውን፣ ሳቃችንን።

«ስንት ሐሙስ ተገናኛችሁ?» አሉ የምክር መምህራችን።

«አንድም።»

ደብተሩን ቀስ ብለው ዘጉት። ምክትሉ መዝገባቸውን ስበው አሥራ አራቱንም ሰረዙላት፤ ለእኔ ደግሞ ወላጅ መጥሪያ ጻፉ። ቦርሳውን ለአባቷ ዘረጋሁላቸው።

«ለማን ልሰጠው?» አሉ ጥልፉን እያዩ። «ተጽፎበታል እኮ።»

አልተቆጡም። ለቁጣማ መልስ አላጣም ነበር።

ቤት ስገባ እማዬ መጥሪያውን አነበበች። ስለ ጨው ምንም አላለችኝም።

በማግስቱ ጠዋት ፊት ለፊቱ ደረጃ ሥር ጠበቅኳት። ልጆች እየተጋፉ ይወጣሉ። መጣችና እግሯን ልታሳርፍ ብላ መለሰችው።

«ይሄኛው እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አልኳት።

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ በአጠገቧ የምታልፍ የክፍሏን ልጅ እጅጌ ይዛ የሆነ ነገር ጠየቀቻት። ልጅቷ ከት ብላ ሳቀችባት፤ «ነይ እንጂ፣ ምን ነካሽ!» አለቻት። አብረው ወጡ።

እኔ ጥልፉን ወደ ሆዴ አዙሬ፣ ቦርሳውን አቅፌ ከኋላ ተከተልኳቸው።