ድንበር የምትበላ ወንዝ

ሁለቱን ወንድማማቾች የምታዋስነው ትንሽ ገባር ወንዝ ከምንጯ ወርዳ ትልቁን ወንዝ እስክትቀላቀል ሰው አትነካም። እነሱ ማሳ ስትደርስ ግን በየክረምቱ የታላቅየውን መሬት እየገመሰች ለታናሽየው ደለል ታድላለች።

"ውኃ በባዶ ሜዳ አያዳላም፤ ይሄ የእናቴ ልጅ ከላይ ጠልፎብኛል!" አለ ታላቅየው። እጅ ከፍንጅ ሊይዘው አንድ ማለዳ ወንዟን ይዞ ሽቅብ ወጣ። መታጠፊያውን፣ ፏፏቴውን፣ ምንጩን ሁሉ አሰሰ፤ ግድብም የዶማ ምልክትም አጣ።

"ብልጣብልጥ! ዱካውንም አጥፍቷል" ብሎ ይብስ ደሙ ፈላ።

ተመልሶ ከማሳው አንድ ድንጋይ አነሳና ማዶ ጎመን ወደሚኮተኩተው ወንድሙ ጮኸ።

"ወንዙን ምን አድርገህ ነው ወደ እኔ የገፋኸው? ዛሬ ሳትናገር አንላቀቅም!"

ታናሽየው በራሱ ዳር ውኃው ውስጥ የተከመረውን ድንጋይ በዶማው አመለከተ። ውኃው እዚያ እየተላተመ ተመልሶ የታላቅየውን ዳር ይገዘግዛል።

"ይኸው! ማን ከመረው ታዲያ?" አለ ታላቅየው።

"ጋሼ፣ አሥር ዓመት ሙሉ ከማሳህ የለቀምከውን ድንጋይ ወዴት ስትወረውር ነበር?"

ታላቅየው እጁ ላይ ያለውን ድንጋይ አየ። የት እንደሚጥለው ጠፋው።