የሼህ ሀሩን እንትፍታ

ባሌ ሙሀሲን አዲስ አበባ ኩላሊት ተተክሎለት ሸዋ ሮቢት ከተመለሰ ሦስት ወሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ለእኔ ስም አውጥቶልኛል፤ «ዘበኛዋ»። ይበሉ።

ኩላሊቱን የሰጡት እናቱ ናቸው። እኔም ልሰጥ ተመርምሬ ነበር፤ አልገጠመም። የቀረልኝ ክኒኑና በሩ ነው። ሰውነቱ የእናቱን ኩላሊት እንግዳ ነው ብሎ እንዳያባርር፣ የሚውጠው ክኒን የበሽታ መከላከያውን ያዳክመዋል። እንግዳ ማባረሩ ለእኔ ተረፈ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ባቋርጥም የክኒኑን ወረቀት በመዝገበ ቃላት ፈትቼ፣ ሐኪሙ ያዘዘውን በሩ ላይ ለጥፌአለሁ፦ «ያመመው አይግባ። እጅ ሁለቴ በሳሙና።» ሙሀሲን «ዶክተር ኑርሃን» እያለ ይቀልድብኛል።

ሐሙስ ጠዋት አማቴ ሼህ ሀሩንን ከማጀቴ ከተማ ይዘው መጡ። ሙሀሲን ሲወለድ ስም ያወጡለት፣ በታመመ ቁጥር ዱዓ አድርገው ግንባሩ ላይ እንትፍ ያሉበት እሳቸው ናቸው። አጥሩን ሳይሻገሩ ሳላቸውን ሰማሁ። በሩ ላይ ቆምኩ።

«እማ፣ ሳል አላቸው።»

«የመንገድ አቧራ ነው።»

«አቧራ መሆኑን ሳንባቸው ነገረዎት?»

«አፍሽን ያዢ! ኩላሊቴን የሰጠሁ እኔ፣ በር የምትዘጊው አንቺ?»

«የሰጡትን እኮ ነው የምጠብቀው።»

ከውስጥ የአልጋው ሽቦ ተንቋቋ። «ኑርሃን፣ አታሳፍሪኝ» አለ ሙሀሲን። «አንድ ጊዜ ግንባሬን ብሰጣቸው ምን አለበት?» እግሩን ሲጎትት ይሰማኛል። መቀርቀሪያውን በጀርባዬ ያዝኩ።

ሼህ ሀሩን ከዘራቸውን አነሱ። «እኔ ከሰው በር ተመልሼ አላውቅም» አሉ፣ ወደ መንገዱ እያዩ።

አማቴ ፊታቸው አመድ መሰለ። እሳቸውን እንዲህ አይቻቸው አላውቅም፤ ለቀዶ ጥገና ሲገቡ እንኳ ሲቀልዱ ነበር።

ለማንም አንገቴን የማልደፋ ሰው ነኝ። አቧራው ላይ ተንበረከክሁ።

«አባባ፣ የእሱን በእኔ ላይ ያድርጉት።»

«ምን?»

«ዱዓውን። እንትፍታውንም። እኔ አደርስለታለሁ።»

ሼህ ሀሩን ከዘራቸውን መልሰው ተከሉ። ከዚያ ሳቁ፤ ሳቁም ሳል ሆነባቸው። «ይችን ማን ይችላታል!» እጃቸውን አናቴ ላይ ጫኑ። ረጅም ዱዓ ነበር፤ የሙሀሲንን ስም ጠሩ፣ የአማቴን፣ መጨረሻ ላይ የእኔንም። «አሚን» አለ ሙሀሲን ከበሩ ጀርባ። እንትፍ፣ እንትፍ አሉብኝ። ግንባሬ ቀዘቀዘ። እንደሚቀፈኝ ነበር የጠበቅሁት። ግን ቶሎ መነሳት አቃተኝ፤ በእነዚያ ሦስት ወራት አናቴ ላይ እጁን የጫነ ሰው አልነበረም።

ስልኬ ጮኸ። ሦስት ሰዓት፤ የክኒን ሰዓት። እንዲህ ሆኜ መግባት አልችልም። ሽማግሌው እያዩም ምርቃታቸውን በሳሙና ማጠብ ነውር ነው። በሩ አጠገብ ያለውን ሳሙና አየሁ።

ሼህ ሀሩን ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩልኝ።

አማቴ የሶላት መታጠቢያውን፣ የውዱዑን ማንቆርቆሪያ አነሱ። ሳሙናውን እጄ ላይ አኖሩልኝና ውሃውን ያፈሱልኝ ጀመር። ፊቴን ታጠብኩ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ፎጣውን ላነሳ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ሁለቴ ነው» አሉኝ።