የአሻግሬ መውጫ

መሰለች ፍርድ ቤት መመላለስ የጀመረችው ለባሏ መውጫ ስትል ነው። ባሏ አሻግሬ የምድር ባቡር መካኒክ ነበር፤ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ አለው፣ ምላሱም ከበደውና ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ዋለ። ቤታቸው ሁለት በር አለው። የፊተኛው በደረጃ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ዝናብ ሲሆን ጤነኛ ሰው እንኳ ግድግዳ ይዞ ነው የሚወርደው። የኋለኛው ግን በአንዲት ደልዳላ መተላለፊያ አድርጎ አስፋልት ላይ ያወጣል። አሻግሬ በየጠዋቱ በዚያች መተላለፊያ እየተገፋ ይወጣና አስፋልቱ ዳር ከሚኒባስ ረዳቶች ጋር ሲጨቃጨቅ ይውላል። ሰው መሆኑ ትዝ የሚለው እዚያ ሲደርስ ነበር።

ያችን መተላለፊያ ጎረቤታቸው ፀሐዩ ለመጋዘን ፈለጋት። ቃሊቲ ውስጥ መጋዘን የማያምረው ማን አለ? የዶሮ ቤቱን ሳይቀር ለሲሚንቶ ማከማቻ የሚያከራይ ሞልቷል። ፀሐዩ አሸዋ አስደፋ፣ ብሎኬት አስከመረ፣ ከዚያ ደግ ሰው ይመስል «ካሳ እሰጣችኋለሁ» አለ።

መሰለች በነፃ የምትቆምላት ሊዲያ የምትባል ወጣት ጠበቃ አገኘች። ሊዲያ ነገሩን ለማስረዳት ብዙም አልለፋችም። ፍርድ ቤት ሁሉን ጉዳት በገንዘብ አያካክስም፤ ገንዘብ የማይተካው ነገር ሲሆን አድራጊውን ያስቆማል፣ የተሠራም ካለ ያስፈርሳል አለቻት። ስለዚህ ሁከት ይወገድልኝ ብለን እንከሳለን፣ እስኪፈረድ ድረስ ደግሞ ግንባታው እንዲቆም እግድ እንጠይቃለን። መሰለች ወዲያው ገባት። አሻግሬን ብር ተሸክሞ አስፋልት አያወጣውም። እግዱ ተሰጠ፤ ብሎኬቱም ባለበት ቀረ።

ከዚያ በኋላ የተረፋት ቀጠሮ ነው። አንዴ የፀሐዩ ጠበቃ ታመመ፣ አንዴ ለቅሶ ሄደ፣ አንዴ ሌላ ችሎት አለኝ አለ። እሷ ግን በታመመችም ቀን አልቀረችም። ጠዋት ባሏን አጥባ፣ አልብሳ፣ አስፋልት አድርሳ፣ ታክሲ ተጋፍታ ችሎት ትደርስና «ለሌላ ቀን» ተብላ ትመለሳለች። ድካሙ አጥንቷ ውስጥ ገባ።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ይሄኔ ነው። ሦስት ነበሩ፤ መሪያቸው አቶ ወልደገብርኤል፣ ከአሻግሬ ጋር በባቡሩ ዘመን አብሮ የሠራ፣ ሰፈሩ ውስጥ እሱ ሳይጠራ የታረቀ ሰው የለም የሚባልለት። ወንበር ቢቀርብላቸው እሺ ካላልሽን አንቀመጥም ብለው በሩ ላይ ቆሙ።

«ለፀሐዩ እግዱን አንሺለት፤ እሱ በልቡ ነገር ይዞ እንዴት ይታረቃል?» አላት አቶ ወልደገብርኤል። «እኛ ጨርሰን እስክንነግራችሁ መተላለፊያዋን ላይነካ ፊታችን ቃል ገብቷል።»

ጠበቃዬን ላማክር ማለት ነበረባት። ግን ሽበታሙን ሰው በሯ ላይ አቁሞ «ጠበቃዬን ላማክር» ማለት «አላምንዎትም» ማለት ሆነባት። ደግሞ የቀጠሮው ማለቅ አጓጓት። እሺ አለች። በማግስቱ ብቻዋን ፍርድ ቤት ሄደች፤ ዳኛዋ በፈቃድዎ ነው ወይ ብለው ሲጠይቋትም በፈቃዴ ነው አለች። ሊዲያ የሰማችው በኋላ በስልክ ነው።

ፀሐዩ ሳምንቱ እስኪያልቅ እንኳ አልታገሰም። ሠራተኛ በሠራተኛ አድርጎት ግድግዳው የኋላ በራቸው አፍንጫ ሥር ቆመ። ሽማግሌዎቹ ሮጠው ቢመጡ «እግዱን እሷው ናት ፈቅዳ ያስነሳችው፣ ካሳዋን ትውሰድ» ብሎ አሰናበታቸው። ያን ዕለት ቢረግሙት መሰለች ደስ ይላት ነበር፤ እነሱ ግን አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

አሻግሬ መጀመሪያ ሰሞን በተዘጋው በር ትይዩ ይቀመጥ ነበር። በኋላ ጢሜን አትላጪኝ አለ፤ ቆይቶ ደግሞ ከአልጋ አታንሺኝ፣ ምን ያለፋሻል አለ። መሰለች ማልቀስ እንኳ ታከታት።

ሊዲያ ዋናው ክስ ገና አልተዘጋምና አንድ መንገድ ቀርቷል አለቻት። ፀሐዩ ለችሎቱ ፈቅዳልኛለች እያለ ነው፤ ዳኛዋ ይሄን ካመኑ በካሳ ብቻ ይዘጉታል። መተላለፊያዋን ላይነካ ቃል ገብቶ እግዱን እንዳስነሳት ከታወቀ ግን በራሱ ማታለል እንዲጠቀም አይፈቀድለትም። ያን ቃል የሰሙት ሽማግሌዎቹ ናቸው። መሰለች ሌሎቹን ሁለቱን ብትጠይቃቸው ገና ሳትጨርስ እምቢ አሏት።

መሰለች አቶ ወልደገብርኤል ቤት ሄደች። ወንበር አቀረበላት፤ አልተቀመጠችም።

«ሽማግሌ ምስክር ሆኖ አያውቅም» አላት ቀስ ብሎ። «እርቅ ላይ የተባለ እዚያው ነው የሚቀረው። ዛሬ ችሎት ቆሜ እገሌ እንዲህ ብሎኛል ካልኩ፣ ነገ ማን ሆዱን ይገልጽልኛል?»

«ጋሼ፣ እሺ ካላልሽን አንቀመጥም ሲሉኝ እሺ ብያለሁ» አለች። «እኔም ዛሬ አልቀመጥም።»

እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሳትቀመጥ ወጥታ ሄደች።

በቀጠሮው ቀን ግን ችሎቱ በር ላይ ከዘራውን ተደግፎ አገኘችው። ገብቶ ማለና ፀሐዩ ያለውን ቃል በቃል ተናገረ። ፀሐዩ ቁልቁል አየ። ውሎ አድሮ ተፈረደ፤ ግድግዳው በፀሐዩ ወጪ ይፍረስ፣ መተላለፊያዋ እንደ ነበረች ትመለስ፣ ካሳ ይህን አይተካም ተባለ። መሰለች እልል አላለችም። ወደ ቤት ስትመለስ ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ጥሏት መውረጃዋን አልፋ ሄደች።

ፍርስራሹ በተጠረገ ማግስት አሻግሬ ላጪኝ አለ። አስፋልት ሲወጣ ረዳቶቹ ከየሚኒባሱ እየዘለሉ ሳሙት፤ አንዱማ የት ጠፍተህ ነው ብሎ ሊጣላው ምንም አልቀረው። አሻግሬ ግን እንደ ድሮው አልተከራከረም። በከበደው ምላሱ «ወልደገብርኤል ጋ» አለ።

አቶ ወልደገብርኤል በሩ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ሱፉን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ ነበር። መሰለች የሆነ ቦታ ሊሄድ መስሏት አቆየንዎት ወይ አለችው። አይ፣ አላት። የጎረቤቱን ልጅ ናፍቆትን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የሚሄዱበት ቀን ነው፤ ሰዎቹ አሁን በፊቱ አልፈው ሄዱ። ከመካከላቸው ሁለቱ እነዚያው የእርቅ ጓደኞቹ ነበሩ።

«አልጠሩህም?» አለው አሻግሬ።

«የእርቅ ምስጢር ያወጣ ሽማግሌ ማን ይጠራል?»

ግድግዳ ቢሆን ይፈርሳል፣ መንገድ ቢሆን ይከፈታል። ይሄኛውን ግን መሰለች ምን ብላ፣ ለየትኛው ዳኛ ትጠይቅ? አመሰግናለሁ ለማለት አስባ መጥታ ነበር፤ ቃሉ አፏ ውስጥ ቀለለባትና ተወችው። አሻግሬ የሚታዘዝለትን እጁን ዘርግቶ የጓደኛውን ክንድ ያዘ።

«እንደማይጠሩኝ አውቄ ነበር ችሎት የገባሁት» አለ አቶ ወልደገብርኤል የኮቱን ቁልፍ እየፈታ። «ዛሬ ጠዋት ግን ለብሼ ጠበቅኋቸው።»