ያልተራገጠው ጠመንጃ

ዶሎረስ ዓርብ ከሰዓት ደወለችልኝ። ባሏ ኤሚል ስልክ ሲጮህ አይሰማም፤ ማንቆርቆሪያው ምድጃ ላይ ሲያፏጭም አይሰማም።

«ሃርላን፣ አንተ ንገረው» አለችኝ። «እኔ ብናገር ጠመንጃውን ታቅፎ ይተኛል። መተኮሱ ይብቃው።»

«ነገ አንድ ጥይት እንኳ ሳይተኩስ እነግረዋለሁ» አልኳት።

የተኩስ ሜዳችን ከተዘጋው የድንጋይ ከሰል ማውጫ ጀርባ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ የጦር ጠመንጃ የምንወድ ሰዎች እንሰበሰባለን። ጠመንጃዎቹ በዕድሜ ይበልጡናል። ጥይቱ ወታደር ሳይጠቀምበት የቀረ ነው፤ ከሩቅ አገር መጋዘን በታሸገ ቆርቆሮ ይመጣል። የተኳሾቹን መስመር የምቆጣጠረው እኔ ነኝ። ደንባችን አጭር ነው። ማንም በሌላው ሰው ጠመንጃ ላይ እጁን አያሳርፍም። ያሳረፈ የዓመቱ ተኩስ እስኪያልቅ ከመስመሩ ይወጣል። ደንቡን ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትም፣ በደንቡ ሰው ያስወጣሁትም እኔ ነኝ።

ጠዋት ኤሚል ከመኪናው ሲወርድ ወደ እሱ ሄድኩ። አፌን ሳልከፍት በቀይ ሥርና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ቅቅል እንቁላል እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ብላ። ፊትህ የቀብር ፊት ነው። ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ና፣ ጉድ ላሳይህ።»

አዲስ ቆርቆሮ አወጣ። በመክፈቻው ዙሪያውን ቀደደው። ጥይቶቹ በወረቀት ተጠቅልለው ተደርድረዋል። የቆርቆሮው አንድ ጠርዝ ዝጎ ነበር፤ እዚያ ጋ ወረቀቱ ቡናማ ሆኗል።

«እርጥበት ገብቶታል» አልኩ።

«ምን?»

«ዝጓል!»

«እኔም ዝጌያለሁ። ግን እተኩሳለሁ» አለና ሳቀ።

እንቁላሉን በላሁ። መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ስዞር ቆየሁ፤ እግሬ አላርፍ አለኝ።

ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ከኤሚል በስተቀኝ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳው ጄኒን ተቀመጠች። እንዲተኩሱ ፈቀድኩ፤ እኔ ግን ከኤሚል ጀርባ አልራቅኩም።

የእሱ የሩሲያ ጠመንጃ እንደ በቅሎ ይራገጣል። በተኮሰ ቁጥር ቀኝ ትከሻው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ባርኔጣው ይነቃነቃል። እኔ የማየው ትከሻውን ነው። አንዴ ተኮሰ፣ ትከሻው ሄደ። ደግሞ ተኮሰ፣ ትከሻው ሄደ።

ከዚያ ምላጩን ሲስብ የጄኒን ጠመንጃ በዚያው ቅጽበት ጮኸ። የኤሚል ትከሻ ከቦታው አልተነቃነቀም። ባርኔጣውም ዝም አለ። ከማቀባበያው ሥር ቀጭን ነጭ ጭስ ወጣ።

ኤሚል ማቀባበያውን ጎተተ፤ ቀለሁ ወጣ። ሌላ ጥይት አጎረሰ።

ባሩዱ ረጥቦ በቅጡ አልነደደም። እርሳሱን እስከ አፈሙዙ መሀል ገፍቶት እዚያው ተወው ማለት ነው። በተደፈነ አፈሙዝ ሁለተኛ ጥይት ከተተኮሰ ብረቱ የሚፈነዳው በተኳሹ ፊት ላይ ነው።

«ተኩስ አቁም!» ብዬ ጮህኩ።

ሁሉም አቆመ። ኤሚል ጆሮውን ሸፍኗል፤ ከመሸፈኛው ሥር ያለው ጆሮም አይሰማም። ጉንጩን ሰደፉ ላይ አስተኛ። ትከሻውን ብነካው ደንግጦ ምላጩን ይስባል። በላዩ ተንጠራርቼ ማቀባበያውን ያዝኩና ወደ ላይ መነጨቅሁት። እሱ ከተነሣ ጠመንጃው አይተኩስም።

ኤሚል ዞሮ አየኝ። መጀመሪያ አላመነም፤ ከዚያ ፊቱ ቀላ።

«እጅህን አንሣ! ብረቴን ነካህ? ሁላችሁም አይታችኋል!»

«አይተናል» አለች ጄኒን።

«ደንቡ ምን ይላል? አንብብልኝ! የአክስቱን ልጅ እንኳ ያስወጣ ሰው ነው ይሄ!»

«እወጣለሁ» አልኩት ጆሮው ላይ። «መጀመሪያ ጥይቱን አውጣና መወልወያውን ዘንግ አስገባበት።»

እየተራገመ አወጣው። ዘንጉን በአፈሙዙ በኩል ላከው። ክንድ ያህል ገባና ቆመ። ገፋው። እንደ ቆመ ነው። አወጣና እንደገና ሞከረ።

መራገሙን ተወ።

«ተኩሻለሁ እኮ» አለ። «ሰምቻለሁ።»

«የሰማኸው የጄኒንን ነው።»

ጄኒንን አየ። ራሷን ነቀነቀች።

«ትከሻህስ? እንዳልመታህ አላወቅክም?»

ቀኝ ትከሻውን ዳሰሰና ለእኔ ብቻ እንዲሰማ አድርጎ፣ «ከክረምቱ ወዲህ ደንዝዟል» አለ። «ዶሎረስ አታውቅም።»

«ኤሚል፣ ከእንግዲህ አትተኩስም።»

«እሷ ናት የላከችህ?»

«እሷ ናት። ባትልከኝም ይህንኑ እልህ ነበር።»

«ጠዋት ለምን አልነገርከኝም?»

«እንቁላል ሰጠኸኝ።»

«ቢፈነዳ በእንቁላል ልትቀብረኝ ነበር?»

ኤሚል ጠመንጃውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መኪናው ውስጥ አስተኛው። የዛገውን ቆርቆሮ እኔ ወሰድኩት። ኤሚል ሞተር ያስነሣል ብዬ ጠበቅኩ፤ ተመልሶ መጣ።

«አንተም ወጥተሃል» አለኝ። «ደንብ ደንብ ነው።»

«ወጥቻለሁ።»

መስመሩን ለጄኒን አስረከብኳት። ከኋላ ያለው የእንጨት አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ተኩሱ ቀጠለ። ኤሚል በክርኑ ጎሰመኝ።

«ይቺ ጥይት የማን ናት?»

«የዚያ ከዳር የተቀመጠው ሰውዬ።»

«ይቺስ?»

«የባለ መነጽሩ።»

«ግራ እጁ ልል ነው። አሁንስ ማን ተኮሰ?»

ትከሻ እያየሁ ነገርኩት። ሁለት ሰዎች በአንድ ቅጽበት ምላጭ ሳቡ፤ የአንዱ ትከሻ ግን ሳላየው አመለጠኝ።

«የማን ናት?» አለ ኤሚል።

ያ ጠመንጃ ተራግጦ እንደሆነ አላወቅኩም፤ ተኩሱን ለማስቆም ተነሥቼ ቆምኩ።