ያቺ እንከፍ ልጅ

እናቴን ተማሪዎቿ «ወይዘሮ ግልጽነት» ይሏታል። በፊቷ አይደለም፤ በፊቷማ «ቲቸር» ናት። ስሙ የወጣላት በአርባ ደቂቃ ውስጥ «ግልጽነት» የሚለውን ቃል ሃያ ሦስት ጊዜ ስላለችው ነው፤ አንዱ ሥራ ፈት ከኋላ ቁጭ ብሎ ቆጥሮባታል። የምታስተምረው የሕይወት ክህሎት ነው። ሐሙስ ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሁላችንንም እንቅልፍ እንቅልፍ በሚለን ሰዓት። ፈተና የለውም፣ ካርድ ላይ አይገባም፤ እንደዚያም ሆኖ በትምህርት ቤቱ ማንም የማይፎርፈው ክፍለ ጊዜ እሱ ብቻ ነው።

ለምን እንደማይፎርፉት የገባኝ ዘንድሮ ነው። የድሮ ትምህርት ቤቴ ሕንፃው ይፈርሳል ተብሎ ሲበትኑን፣ እናቴ እሷ የምታስተምርበት አስመዘገበችኝ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት የሸሚዜን ኮሌታ እያስተካከለች፣ «ልጄ መሆንሽን ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ።

«ለምን?»

«አድልዎ ይመስላል። አንቺንም ‹የቲቸር ልጅ› እያሉ ያሸማቅቁሻል።»

እውነት መሰለኝ። እኔ የምጠራው በአባቴ ስም፣ እሷ በአያቴ ስም፤ ስም ሲጠራ ማንም አይጠረጥር። በመልክም ቢሆን ቁርጥ አባቴን ነኝ፤ እሱ ደግሞ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ እንኳን ተማሪ ጎረቤትም በደንብ አያውቀው። እሺ አልኩ። በየጠዋቱ አብረን ወጥተን መድኃኒት ቤቱ ጥግ ስንደርስ እንለያያለን፤ እሷ ትቀድማለች፣ እኔ የጫማዬን ክር የማስር መስዬ አምስት ደቂቃ ጎንበስ ብዬ እቆያለሁ። የገዛ እናቴን «እርስዎ» ማለት መጀመሪያ ላይ በጣም ያስቀኝ ነበር።

ቤት ስንገባ ግን ሌላ ነበርን። ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ አንድ ልማድ አለን። ከትምህርት ቤት እንደተመለስን ጫማችንን አውልቀን አልጋዋ ላይ ጎን ለጎን እንጋደማለን፤ ስልክ ሳሎን ይቀራል፣ በር ይዘጋል። ከዚያ የሆዴን ሁሉ እዘረግፍላታለሁ። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት፤ «እዚህ አልጋ ላይ የተባለ እዚሁ ይቀራል።» ጓደኞቼ ለእናቶቻቸው ሲዋሹ ሳይ አዝንላቸው ነበር። እኔ እናትም ጓደኛም አለኝ እያልኩ በስንቱ ላይ ተኩራራሁ መሰላችሁ! ወይ ነዶ።

ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ሚጢጢ ናት። ሚጢጢ የሚሏት ከወንዶቹ ሳይቀር በቁመት ስለምትበልጥ ነው። አፏ አያርፍም፤ ልቧ ግን ወርቅ ነው። የመጀመሪያው ቀን ደብተር ረስቼ ስቁለጨለጭ ከደብተሯ መሀል ወረቀት ገንጥላ የሰጠችኝ እሷ ናት። ሐሙስ ሲደርስ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«ዛሬ እንከፏ አለችልሽ።»

«እንከፏ ደግሞ ማናት?»

«ቲቸር የምታውቃት አንዲት ልጅ ናት። ስሟን አትነግረንም። የማትሠራው ስህተት የለም ስልሽ! በየሳምንቱ አንድ ጉድ ታመጣለች። በሳቅ ትሞቻለሽ።»

የዚያን ቀን እንከፏ፣ ጓደኞቿ እንዳይርቋት ብላ የማትወደውን ዘፈን ሁላ በቃሏ ስታጠና ከረመች ተባለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ይደበቃል። «ይቺስ እኔን ትመስላለች» አልኩ በሆዴ፤ ደግሞ ይሄን ያላደረገ ማን አለ ብዬ ተውኩት። እኔን ይበለኝ!

በሦስተኛው ሐሙስ እናቴ ሰሌዳው ላይ «ራስን መውደድ» ብላ ጻፈች፤ ከዚያ ጠመኔውን በመዳፏ እያንከባለለች ጀመረች።

«ያቺ ልጅ አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት፣ ጓደኞቿ ሁሉ የወንድ ጓደኛ ያዙ። እሷ የላትም። ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሁለተኛ ሲም ካርድ ገዝታ አሮጌ ስልክ ውስጥ ከተተች።»

ክው አልኩ።

«ከሁለተኛው ስልክ ለራሷ መልእክት መላክ ጀመረች። ፍቅሬ፣ ናፈቅሽኝ፣ ምናምን። ለጓደኞቿም ታሳያለች። አንድ ቀን አንዷ ተጠራጠረችና ቁጥሩ ላይ ደወለች።» እናቴ እዚህ ላይ ዝም ብላ ክፍሉን ቃኘች፤ ሰው ማንጠልጠል ትችልበታለች። «ስልኩ የጮኸው ከልጅቷ ቦርሳ ውስጥ ነበር።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሚጢጢ ዴስኩ ላይ ተደፍታ ትንፈራፈራለች። እኔ የእናቴን ዓይኖች ፈልጌ አፈጠጥኩባት፤ እሷ ግን እኔ ካለሁበት ረድፍ በስተቀር ሁሉንም ታያለች። ይሄም ይሁን፣ የድሮ ትምህርት ቤቴ ልጆችም የሚያውቁት ነው እያልኩ ራሴን ሳጽናና፣ ለካ ዋናው ገና ነው።

«ከሁሉ የሚያሳዝነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ከተጋለጠች በኋላም፣ ማንም በማያይበት፣ ቤቷ ቁጭ ብላ ለራሷ መላኩን አልተወችም። ‹ዛሬ ቆንጆ ነበርሽ› ብላ ትልክና በሌላኛው ስልክ ታነበዋለች።»

ይሄን የሚያውቅ ከእኔና ከእሷ በቀር በምድር ላይ ሰው አልነበረም። የነገርኳት አልጋዋ ላይ፣ ፊቴን በትራስ ሸፍኜ፣ ስንቴ ጀምሬ ካቋረጥኩ በኋላ ነው። ያኔ አቅፋኝ አልቅሳለች፤ እንባዋ አንገቴ ላይ ሲወርድ ተሰምቶኛል። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚሉት ይሄንን ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ያን ቀን ቤት ስንገባ ራሴን አሞኛል ብዬ አልጋዋ ላይ አልወጣሁም። ሙሉ ሳምንት ጠበቅኳት። ዛሬ ይቅርታ ትለኛለች፣ ነገ ትለኛለች። ጭራሽ! «ጉንፋን እንዳይሆን» ብላ ሎሚ በሙቅ ውሃ አመጣችልኝ። ትምህርት ቤት ደግሞ «ዛሬ ቆንጆ ነበርሽ» የኮሪደር ቀልድ ሆነ፤ ወንዶቹ ኳስ ሲስቱ ሳይቀር እርስ በርሳቸው ይባባሉበታል። ይባስ ብሎ አንዱ፣ «የአክስቴ ልጅ የፈረሰው ትምህርት ቤት ነበረች፤ ስልኩ ቦርሳዋ ውስጥ ጮኸባት ብላ ያወራችልኝ ልጅ ነበረች፣ ስሟን እጠይቃታለሁ» ብሎ ፎከረ። ከዚያ በኋላ እሱ በር ላይ በታየ ቁጥር ደብተሬ ላይ እደፋለሁ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ትምህርቱ ስለ ፈቃድ ሆኖ አረፈው። «የሰው የሆነ ነገር ሳይፈቅድ አይነካም» አለች ወይዘሮ ግልጽነት። «ደብተርም ይሁን፣ ገላም ይሁን፣ ምስጢርም ይሁን።» እጄን ስቀስር አላሰብኩበትም፤ እጄ ራሱ ነው የተነሳው።

«ቲቸር፣ ያቺ ልጅ ታሪኳን እንዲነግሩን ፈቅዳልዎታለች?»

ለመጀመሪያ ጊዜ አየችኝ። የሚያሳዝነው፣ ይሄን ያህል ከተናደድኩ በኋላ እንኳ እንድትተርፍ እፈልግ ነበር። «አልጠየቅኳትም፣ አጥፍቻለሁ» ብትል፣ እዚያው ላይ ይቅር እላት ነበር። እውነቴን ነው።

«ፈቅዳለች» አለች ፈገግ ብላ። «እንዲያውም ‹ሌሎች እንዲማሩበት ንገሪልኝ› ያለችኝ እሷው ናት።»

ሚጢጢ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ፣ «አየሽ፣ እንከፍ ብትሆንም ደግ ናት» አለችኝ።

ቤት እንደገባን ጫማዬን ሳላወልቅ ሳሎን መሀል ቆምኩ።

«ዋሸሽ» አልኳት።

«ተረጋጊ መጀመሪያ።»

«አልረጋጋም! ፈቅዳለች አልሽ። ማን ፈቀደልሽ? እኔን መቼ ጠየቅሽኝ?»

ቦርሳዋን አስቀምጣ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ስም አልጠራሁም እኮ። አንድም ቀን ስምሽን አልጠራሁም።»

«እንከፍ ይሉኛል! እኔንም እዚያው አስቀምጠሽ በራሴ አሳቅሽኝ። ልጅሽ ነኝ እንዳልል ያልሽኝም ለአድልዎ አይደለም፤ እንዳይነቃብሽ ነው።»

ዓይኗን ወደ ቦርሳዋ አዞረች። እስከዚያች ደቂቃ እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ያ ነው ያረጋገጠልኝ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ሲባል እሰማ ነበር፤ ስለ እኛ ቤት የተተረተ አልመሰለኝም ነበር።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች በመጨረሻ። «መጽሐፉ ላይ ያለውን ሳነብላቸው አንድም አይሰማኝም። ያንቺን ስነግራቸው ግን ያዳምጣሉ። ክላሱ ካለቀ በኋላ ስንቶቹ መጥተው አልቅሰውብኛል! አንዷማ ከቤት ልትጠፋ ሻንጣዋን አዘጋጅታ አልጋ ሥር ደብቃ ነበር። የእንጀራ እናቷ አላስቀምጥ ብላት። ያንቺን ታሪክ ሰምታ ነው ደብዳቤ የጻፈችልኝ። ባንቺ ምክንያት ነው የቀረችው! ይሄ ምንም አይደለም?»

«ደግሞ እሷን ፈጠርሻት።»

«ምን እፈጥራለሁ! አጠገብሽ የምትቀመጠው ናት፣ ያቺ ሚጢጢ የምትሏት።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሁለታችንም ተያየን። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ በሩን ቆለፍኩት። እሷም አላንኳኳችም።

በማግስቱ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ እንዳለቀ ሚጢጢን የምክር ክፍሉ በር ላይ አገኘኋት። እናቴ ተማሪ ለብቻ የምታነጋግርባት፣ ከጽሕፈት መሣሪያ መጋዘኑ አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሚጢጢ ግድግዳውን ተደግፋ ጥፍሯን ትበላለች። ያ ሁሉ ቁመት ተጣጥፎ ትንሽ ልጅ መስላለች።

«ቲቸር ጋ ልገባ ነው» አለችኝ። «ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። ግማሹን ጽፌላት ነበር፤ ዛሬ ሁሉንም ልዘርግፈው። ካልነገርኳት እፈነዳለሁ።» ከዚያ ዝቅ ብላ አየችኝ። «እዚያው ይቀራል አይደል?»

«አዎ» ብላት ትገባለች። ምናልባትም ትረዳታለች፤ እናቴ መርዳት ትችላለች፣ ይሄን አልክድም። ግን በሚቀጥለው ዓመት፣ ሌላ ክፍል ውስጥ፣ ሌሎች ልጆች ሚጢጢ ላይ ሲስቁ ታየኝ።

«አትግቢ» አልኳት።

«ምን?»

«አትንገሪያት። እንከፏ እኔ ነኝ።»

ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አይታ ሳቋ አፏ ላይ ቀረ።

«ቆይ፣ ቲቸርን ከየት ታውቂያታለሽ?»

«እናቴ ናት።»

«ሲም ካርዱ?»

«አዎ።»

«‹ቆንጆ ነበርሽ› የሚለውም?»

«እሱም። አልፈቀድኩላትም። ጭራሽ አልጠየቀችኝም።»

ሚጢጢ አልሳቀችም። እጄን ያዘችኝ፣ አጥብቃ። «በሞትኩት» አለችኝ፤ «እኔ ደግሞ ስገለፍጥብሽ!» ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ቀለል አለኝ። ጓደኛ አገኘሁ ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ እጇ ቀስ እያለ ላላ።

«ስለ እኔስ ነግራሻለች?»

እናቴ ብትሆን «በፍጹም» ትል ነበር፣ ፈገግ ብላ። እኔም ልል አፌን ከፍቻለሁ። አንዲት ቃል ናት። አልወጣ አለችኝ፤ ፊቴ ግን ሁሉንም ተናገረ።

ሚጢጢ እጇን ከእጄ አወጣች። «ሻንጣውንም?» አለች። ጎንበስ ብዬ ወለሉን አየሁ። ምን ላድርግ፣ ሌላ የማየው አልነበረኝም።

«ለኔ ንገሪኝ» አልኳት። «እኔ ለማንም አልናገርም። ስሞት!»

«አንቺማ ልጇ ነሽ» አለችኝ።

በሩ ተከፈተ። «ነይ ግቢ የኔ ልጅ፣ ምነው ቆምሽ?» አለች እናቴ ለሚጢጢ። ሚጢጢ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች «ምንም አይደለም ቲቸር፣ ደህና ነኝ» ብላ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። እናቴ እሷን አየች፣ እኔን አየች፣ ገባት።

ሚጢጢ ሰኞ አልመጣችም። ማክሰኞም አልመጣችም። ረቡዕ የእንጀራ እናቷ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ መጥታ ስትጮህ ዋለች፤ ልጅቷ ከእሑድ ጀምሮ ቤት የለችም፣ ሻንጣዋም የለም።

ያን ቀን እናቴ ቀድማኝ ቤት ገብታ ጠበቀችኝ። ጫማዋን አውልቃ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል። ስልኳ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ነው።

«ነይ» አለችኝ፤ አጠገቧ ያለውን ቦታ በእጇ እየመታች። በር ላይ ቆምኩ።

«ወዴት እንደምትሄድ ነግራሻለች? ቤተ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሆነ ሰፈር የጠራችው ነገር የለም? ለማንም አልናገርም፣ ፖሊስ ብቻ እንዲፈልጋት። እባክሽ።»

«ምንም አልነገረችኝም» አልኳት።

«ልጄ፣ ይሄ የቂም ጊዜ አይደለም።»

«አልነገረችኝም እኮ፣ እማ።»

«ማዪልኝ።»

ማልኩላት። በአባቴም፣ በሷም ማልኩ። ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ተነስታ ወደ ክፍሌ ሄደችና ደብተሮቼን አንድ በአንድ ማገላበጥ ጀመረች።