ቀድሞ የተፈረመ ወረቀት

በነቀምቴው መጦሪያ የኋለኛውን ክፍል ያህል ጸጥ ያለ ቦታ አልነበረም። ዐሥራ አራት አልጋ አለው፤ በዐሥራ አራቱም ላይ ያለ ሰው እርዳታ ከአልጋ መውረድ የማይችሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ተኝተዋል። በእግራቸው የሚሄዱት ያሉበት የፊተኛው ክፍል ቀኑን ሙሉ ሲንጫጫ ይውላል። በመዝሙር ይጣላሉ፣ በፀሐይ ቦታ ይጣላሉ። የኋለኛው ግን ከምሳ በኋላ ሳል እንኳ አይሰማበትም። እንግዳ ሲመጣ ሥራ አስኪያጁ አቶ ያደታ መጀመሪያ የሚያስጎበኘው እሱን ነበር። “እዩት፣ አንድ የሚጮኽ የለም” ይላል በሩን በቀስታ እየከፈተ።

ሲስተር ሊሊሴ የዚህ ቤት ኃላፊ ነርስ ሆና ከተቀጠረች ዘጠኝ ወሯ ነበር። በቤቱ ነርስ እሷ ብቻ ናት። ማጠቡን፣ ማብላቱን፣ ማገላበጡን የሚሠሩት የጥቂት ሳምንት ሥልጠና ወስደው የገቡ ረዳቶች ናቸው፤ የሊሊሴ ሥራ እነሱን መቆጣጠር ነው። በየአልጋው ግርጌ አንድ ወረቀት ተንጠልጥሏል። የተኛው ሰው ገላው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን ይገላበጣል፤ ረዳቷ በሰዓቱ ትይዩ ምልክት ታደርጋለች፤ ቀኑ ሲያልቅ ሊሊሴ ሰውየውንም ወረቀቱንም አይታ ከታች ትፈርማለች። ደንቡ ይህ ነው።

የኋለኛውን ክፍል የያዘችው ኢቢሴ ነበረች። ቤቱ ሲከፈት ጀምሮ ያለች፣ አርባ አምስት ዓመት ገደማ የሆናት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማትናገር ሴት ናት። ሊሊሴ በመጣች በሁለተኛው ወር፣ ከተማው ውስጥ ባጃጅ ከዐሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ እንዳይሠራ የተከለከለ ሰሞን፣ ኢቢሴ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወደ ቢሮዋ መጣች።

“ሲስተር፣ በየማታው ለፊርማ ብለሽ ምን ያቆምሻል? ባጃጅ ያመልጥሻል። ባዶውን ፈርመሽልኝ ሂጂ፣ እኔ እሞላዋለሁ።”

ሊሊሴ ትንሽ አመነታች። ከዚያ የአንድ ቀን ፈረመች። በሚቀጥለው ወር የሳምንት ፈረመች። ክረምቱ ሲገባ ዓርብ ዓርብ አንድ እስር ባዶ ወረቀት ፈርማ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ልማድ ሆነ። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ሰው አይጮኽም፣ ከአልጋ የወደቀ የለም። የሚያጠራጥር ነገር አልታያትም።

አቶ ገብረወልድ የመጡት በሰኔ ነው። ኪራሙ ላይ ዕድሜ ልካቸውን ያረሱ ሰው ናቸው። አገሩ ሲታወክ ማሳቸውን ጥለው ወጡ፤ ነቀምቴ ዘመድ ቤት ተጠግተው ሳለ አንድ ጠዋት ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። ኢትዮጵያ የምትባል ልጃቸው አርጆ ከተማ አስተማሪ ናት፤ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ እየመጣች ታያቸዋለች። ሽማግሌው ወሬ ይወዳሉ። ረዳቶቹን በኦሮምኛ ያስቋቸዋል፤ የልባቸውን ሲያወሩ ግን ወላጆቻቸው ከወሎ ይዘውት በመጡት አማርኛ ነው። በሬዎቻቸውን በየስማቸው እየጠሩ የቱ ሰነፍ፣ የቱ ተንኮለኛ እንደነበረ ይተርካሉ። ጎረቤታቸው አዴ ጋዲሴ፣ ዓይናቸው የፈዘዘ አሮጊት፣ ከአልጋቸው ሆነው “ኢቲ ፉፊ፣ ቀጥል!” ይሏቸው ነበር።

በሐምሌ አጋማሽ ወሬው ቀረ።

“ለመዱ” አለች ኢቢሴ። “መጀመሪያ ሁሉም ይለፈልፋል። በኋላ ይለምዳል።”

ኢትዮጵያ ግን አንድ እሑድ ሊሊሴን ኮሪደር ላይ አቆመቻት። “ሲስተር፣ አባቴ እንዲህ አልነበረም። ዛሬ ስሜን ሳተብኝ። እያናገርኩት ተኛ።”

“ጭንቅላት ውስጥ ደም የፈሰሰበት ሰው ላይ ይህ ይመጣል፣ እህቴ። እየዋለ እያደረ ይታያል” አለቻት ሊሊሴ። የተናገረችው ከመጽሐፍ የምታውቀውን ነው። ወደ ውስጥ ገብታ አላየችም።

ከዚያ ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ጠዋት የደም ግፊታቸውን ስትለካ፣ አቶ ገብረወልድ በደህናው እጃቸው የእጇን አንጓ ያዙት።

“ልጄ፣ እዚህ ቤት ምሳ ስንበላ ይመሽብናል” አሉ።

“እንዴት አባባ?”

ወደ በሩ ተመለከቱ። ኢቢሴ አንሶላ ታቅፋ ቆማ ነበር። እጃቸውን ለቀቁና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሊሊሴ ይህን ነገር ኢቢሴ ፊት አላነሳችውም። ሽማግሌው ሰዓት ተዛብቶባቸዋል ብላ አለፈችው። ሆኖም ቀኑን ሙሉ አንጓዋ ላይ የእጃቸው ሙቀት ያለ መሰላት።

በነሐሴ መጀመሪያ አክስቷ ዲጋ ላይ ዐረፉ። ሊሊሴ ለቀብር ስትሄድ “ነገ ጠዋት እገባለሁ” ብላ ተናግራ ነበር። ቀብሩ እንዳበቃ ግን መንገዱ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ መጣ፤ ሰው ሁሉ ባገኘው መኪና ተሳፈረ። እሷም ነቀምቴ ስትደርስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ቤቷ ከመሄድ ብላ ጥቁሩን ነጠላ እንዳደረገች ወደ መጦሪያው ገባች።

ዘበኛው ሲያያት ደነገጠ። “ነገ አይደለም እንዴ ያልሽው ሲስተር?” አለ። ለምን እንደደነገጠ አልጠየቀችውም።

የኋለኛው ክፍል በር ተዘግቶ ነበር። ውጭው ፀሐይ ሆኖ ሳለ መጋረጃው ሁሉ ወርዷል። ከፍታ ስትገባ የሽንት ጠረን ተቀበላት። ዐሥራ አራቱም ተኝተዋል። የቀን እንቅልፍ እንዲህ አይደለም። አፋቸው ተከፍቷል፣ ክንዳቸው እንደወደቀበት ቀርቷል፣ አንዱ ትራስ ላይ ምራቅ ኩሬ ሠርቷል። ስም ጠራች፤ የሚመልስ የለም። የአንዱን ትከሻ ነቀነቀች፤ ጭንቅላቱ ዞሮ ተመለሰ።

አዴ ጋዲሴ አልጋ ጋ ስትደርስ አሮጊቷ ጣታቸውን አንቀሳቀሱ።

“ሀርሜ፣ አከም ጅርቱ?” አለች ሊሊሴ ጎንበስ ብላ፤ እናቴ፣ እንዴት ነዎት ማለቷ ነው።

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጭምቅ አድርገው ጨፈኑ። “ረፌን ጅራ” አሉ በሹክሹክታ። ተኝቻለሁ ማለት ነው። “ረፌን ጅራ፣ ረፌን ጅራ።” አንሶላውን እስከ አገጫቸው ሳቡት።

ሊሊሴ ቀና አለች። የአቶ ገብረወልድ ወረቀት ፊት ለፊቷ ተንጠልጥሏል። የስምንት ሰዓቱ ምልክት ተደርጓል። የዐሥር ሰዓቱም ተደርጓል። የዐሥራ ሁለት ሰዓቱም። የእጅ ሰዓቷን አየች፤ ከስምንት ሰዓት ዐሥር ደቂቃ ብቻ አልፏል። ያልደረሰው ሰዓት ሁሉ ተሞልቶ ከታች የራሷ ፊርማ ተቀምጧል።

የክፍሉ ሌላዋ ረዳት ፋይዛ ባልዲ ይዛ በጓሮ በር ስትገባ እዚያው ደርቃ ቀረች። አባቷ ከጉራጌ መጥቶ ገበያው ዳር ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው፤ እሷ ሥራ ከጀመረች አራት ወሯ ነው።

“ነይ ያዥልኝ፣ እናገላብጣቸው” አለቻት ሊሊሴ።

ፋይዛ አልተንቀሳቀሰችም። “ሲስተር፣ ይቅርብዎት” አለች።

“ያዥልኝ አልኩሽ።”

ሁለቱ ሽማግሌውን ወደ ጎን አዞሯቸው። አንሶላው ከገላቸው ጋር ተጣብቆ ነበር። ከወገባቸው በታች፣ አጥንቱ ወጣ በሚልበት ላይ፣ የሰው መዳፍ የሚያህል ቁስል ተከፍቷል። ዳሩ ጠቁሯል፣ መሐሉ ጥልቅ ነው። የአንድ ቀን ወይም የሁለት ቀን አይደለም፤ ሳምንታት የፈጀ ነው። ሊሊሴ በሆስፒታል ዐሥራ አራት ዓመት ስትሠራ እንዲህ ያለ ሁለት ጊዜ ብቻ አይታለች።

“ምን እያጠጣችኋቸው ነው?”

ፋይዛ ማልቀስ ጀመረች። “ከምሳ ጋር… እንቅልፍ የሚያመጣውን የሳል ሽሮፕ። ለሁሉም። እኔ አልቀዳሁም ሲስተር፣ ማንኪያውን ብቻ ነው የምይዘው።”

“ሂጂ ባልዲሽን አስቀምጪ” አለ ድምፅ ከኋላ። ኢቢሴ ገብታ በሩን ዘጋችው። አልተቆጣችም፣ አልደነገጠችም። መጥታ የአቶ ገብረወልድን አንሶላ ሳብ አድርጋ አለበሰቻቸው።

“ስንት ነን እዚህ ክፍል ሲስተር?” አለች።

“እኔ የምጠይቅሽ…”

“ሁለት ነን። ዐሥራ አራት ሰው ለሁለት። አንዱን ስናገላብጥ ሌላው ይወድቃል። አምና ሦስት ሰው ሲወድቅ አብራኝ የምትሠራዋን ልጅ በማግስቱ አባረሯት። ሰው ጨምሩልን ብዬ ሁለቴ ጻፍኩ፤ መልስ አልመጣም። ከተኙ ግን አይወድቁም። ክፍሉ ጸጥ ሲል ሁላችሁም ደስ አላችሁ። አንድ ቀን ለምን ጸጥ አለ ብለሽ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?”

ሊሊሴ ዓይኗን ወደ ተንጠለጠለው ወረቀት መለሰች።

“ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የእኔ ብቻ አይደለም” አለች ኢቢሴ፣ በዚያው ዝቅ ባለ ድምፅ። “ይህን አስቢበት።”

ሊሊሴ ያን ቀን አቶ ገብረወልድን በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል አስወሰደች። ከዚያ አቶ ያደታ ቢሮ ገባች። ሥራ አስኪያጁ እስክትጨርስ ሰማትና መነጽሩን አወለቀ።

“የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ማክሰኞ እንግዶች አሉብን። ቤቱን ሊያስፋፉልን ነው የሚመጡት” አለ። “ሽሮፑን ዛሬ አስቁሚ። ወረቀቱን አስተካክሉ። ሽማግሌው እኮ ሲመጡም ታማሚ ነበሩ።”

“ወረቀቱ ምን ይስተካከላል? ውሸት ነው።”

“ፊርማው የማን ነው?”

ሊሊሴ ወንበሩን ገፋ አድርጋ ተነሳች።

“እንግዲያው ቀስ ብለን እንሂድ ሲስተር። ልጆች አሉሽ።”

በማግስቱ ጠዋት መሳቢያዋን ስትከፍት ባዶ ነበር። ፈርማ ያስቀመጠችው እስር የለም። የሐምሌ ወር ወረቀቶች የተያዙበት ክላሰር ግን መደርደሪያው ላይ ነው፤ አወጣችውና ገለጠችው። የአቶ ገብረወልድ ወረቀቶች ሁሉ አዲስ ሆነዋል። በእያንዳንዱ ላይ “ቁስል የለም፣ ቆዳ ደህና ነው” የሚል ተጽፏል፤ ከሥሩ የእሷ ፊርማ፣ በእሷ እጅ፣ እውነተኛው። አንዱን ወረቀት ወደ መስኮቱ አቅርባ አየች። የፈረመችበትን ቀን ለማስታወስ ሞከረች፣ አልቻለችም። ማንም ቢጠይቃት ይህ የእኔ እጅ አይደለም ማለት አትችልም።

ኮሪደሩ ላይ ፋይዛን አገኘቻት። ልጅቷ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ አለፈቻት። በዚያን ቀን ረዳቶቹ ሁሉ “አሸማ ሲስተር” እያሉ ሰላም ይሏታል፣ ይሰግዱላታል ማለት ይቻላል፤ ክፍል ውስጥ ስትገባ ግን ወሬ ይቋረጣል። ምሳዋ ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ፤ ቁጥሩ የማታውቀው ነው። ስታነሳው የሚተነፍስ ሰው ብቻ ተሰማት፣ ተዘጋ። እንዲህ ሦስት ቀን ሆነ።

አቶ ገብረወልድ ሆስፒታል በገቡ በአራተኛው ቀን ነቁ። ሽሮፑ ከገላቸው ወጥቶ አእምሯቸው ተመልሶ ነበር፤ ሕመሙም አብሮ ተመለሰ። ልጃቸውን በስሟ ጠሯት። በሬዎቻቸውን አነሱ። ትኩሳቱ ግን አልወርድ አለ፤ የቁስሉ መርዝ ደማቸው ውስጥ ገብቷል ተባለ። በዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዐረፉ።

ሊሊሴ ሆስፒታሉ ግቢ ደርሳ ኢትዮጵያን ከአንድ ግንብ ሥር ተቀምጣ አገኘቻት። ሌሎቹ ዘመዶች ሬሳውን ለመቀበል ወረቀት ይዘው ይሯሯጣሉ።

“ሲስተር፣ መቼ ነው የጀመረው?” አለች ኢትዮጵያ ቀና ሳትል። “ቁስሉ።”

“አላውቅም።”

“እንዴት አታውቂም? በየቀኑ ትፈርሚ ነበር ብለውኛል።”

“ባዶ ወረቀት ነበር የምፈርመው” አለች ሊሊሴ። እስከዚያች ሰዓት ለማንም አልተናገረችውም ነበር። “ሳላያቸው። ባጃጅ እንዳያመልጠኝ ብዬ። አንቺ ስትነግሪኝም ገብቼ አላየሁም።”

ኢትዮጵያ ቀና ብላ አየቻት። አልጮኸችም። “ይህን ጻፊው” አለች። “እኔን ይቅርታ አትጠይቂኝ። ጻፊው።”

ሊሊሴ እሑድ ቀን ቤቷ ተቀምጣ ጻፈችው። ሽሮፑን፣ የዐሥራ ሁለት ሰዓቱን ምልክት፣ ዐሥራ አራቱን ሰዎች፣ ሁለቱን ረዳቶች፣ መልስ ያጡትን የኢቢሴ ደብዳቤዎች፣ የጠፋውን እስር። የራሷን ጥፋት የጻፈችው በመጀመሪያው ገጽ ነው። ሰኞ ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት አስገባች፤ አንድ ቅጂ ለኢትዮጵያ ወደ አርጆ ላከች።

ማክሰኞ እንግዶቹ መጡ፤ ክፍሉ ጸድቶ፣ መጋረጃው ተከፍቶ ጠበቃቸው። ረቡዕ ኢቢሴ ተባረረች። ዕቃዋን በፌስታል ይዛ በበሩ ስትወጣ ሊሊሴን አየቻትና ቆመች። “አሁን ማን ሊያገላብጣቸው ነው?” ብላ ብቻ ጠየቀችና ሄደች። በሳምንቱ ሊሊሴ ከሥራ ታገደች፤ ጉዳይዋ እስኪጣራ ድረስ የሙያ ፈቃዷም ተያዘ። አቶ ያደታ በቦታው ቀረ።

በመስከረም መጨረሻ ፋይዛ ሊሊሴን ገበያ ውስጥ አገኘቻት። ልጅቷ ከስታለች። ግራ ቀኝ ካየች በኋላ ወደ አንድ የጨርቅ ሱቅ ጎን ሳበቻት።

“ሲስተር፣ ዐሥር አልጋ ተጨመረ” አለች። “ሃያ አራት ሆኑ።”

“ረዳትስ?”

“አንዲት ልጅ በኢቢሴ ቦታ መጣች። ሁለት ነን።” ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ነርስ አልተቀጠረም። ወረቀቱን ማታ ማታ አቶ ያደታ ይፈርማል። ትናንት አንድ ካርቶን መጣ፣ እስካሁን አልተከፈተም። ምን እንዳለበት ስጠይቅ አያገባሽም አሉኝ።”

“አዴ ጋዲሴ እንዴት ናቸው?”

ፋይዛ መልስ ሳትሰጣት ሰው ሲመጣ አይታ ተለየቻት።

በማግስቱ ጠዋት ሊሊሴ ሁለተኛ ደብዳቤ ይዛ ወደ ጤና ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። መዝገብ ቤቱ ያለው ሰው የበፊቱ ጉዳይ ገና በመጣራት ላይ እንደሆነ ነገራት፤ ይህንንም ጠረጴዛው ላይ ትታው እንድትሄድ፣ ኃላፊው ሲመጡ እንደሚያዩት።

“መግባቱ በመዝገብ ይያዝልኝ” አለች።

“ዛሬ ስብሰባ ነው እህቴ። ሊመሽ ይችላል።”

“ግድ የለም።”

ደብዳቤውን ጭኗ ላይ አድርጋ ከበሩ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ሰዓቷን አየች። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ መጦሪያው ውስጥ ምሳ የሚቀርብበት ሰዓት ነበር።